ወሳጅ ውሃ

እታገኝ በሰው ቃል የምትተዳደር ሴት ነበረች። ኦክላንድ ውስጥ፣ ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብላ ባለች ጠባብ አፓርትመንቷ፣ የቁም ሣጥኑን በር አስነቅላ፣ ትንሽ ጠረጴዛ አስገብታ ቢሮ አድርጋዋለች። ጠዋት ፊቷን ታጥባ የጆሮ ማዳመጫዋን ካጠለቀች በኋላ እታገኝ መሆኗ ይቀራል። ሐኪም ትሆናለች፤ ወዲያው ደግሞ በሽተኛ። ዳኛ ትሆናለች፤ መልሳ ተከሳሽ። የስልክ አስተርጓሚ ሕጉ ይኸው ነው፤ ተናጋሪው "እኔ" ካለ አስተርጓሚዋም "እኔ" ትላለች። አትጨምርም፣ አትቀንስም፣ ከራሷ አንዲት ቃል ጣል አታደርግም። ስም እንኳ የላትም፤ የምትጠራው በቁጥር ነው። የሰማችውንም ለማንም አትተነፍስም። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ስትሠራ አንድም ቀን ስሞታ ቀርቦባት አያውቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ደላይትን ያስተማረችውም በዚሁ አፏ ነው።

አልፎ አልፎ የጽሑፍ ትርጉምም ይመጣላታል። በጥር ወር አንድ የባሕር ዳርቻ ደኅንነት የሚከታተል መሥሪያ ቤት በዘጠኝ ቋንቋ ሊያሳትመው ያሰበውን አንድ ገጽ ወረቀት ላከላት። ብራያን የሚባል ትሑት ወጣት ነበር የሚጻጻፋት። "አጭር ናት፤ እስከ ዓርብ ብታደርሺልን" አላት።

አጭር ነበረች። ግን መጀመሪያው መስመር ላይ "ሪፕ ከረንት" የሚል ነገር ነበረባት።

እታገኝ ተወልዳ ያደገችው ደብረ ማርቆስ ነው። ውቅያኖስን ያየችው በአውሮፕላን መስኮትና በመኪና መስታወት እንጂ እግሯን አስነክራ አታውቅም። መዝገበ ቃላቷን አገላበጠች፤ የለም። ኢንተርኔቱን ጠየቀችው፤ "የሚቀድ ሞገድ" አላት። ብቻዋን ሳቀች። አስባ አስባ "ኃይለኛ ማዕበል" ብላ ጻፈች። ሰው ይገባዋል፣ ያስፈራዋልም ብላ ነው።

ታች ወረድ ስትል እንግሊዝኛው፣ ሪፕ ከረንት በዙሪያው ካለው ውሃ ይልቅ ጸጥ ብሎ ሊታይ ይችላል ይላል። እዚህ ላይ ቆመች። ማዕበል እንዴት ሆኖ ነው ጸጥ የሚለው? ለብራያን ልትጠይቀው ጻፈች። መልሳ አነበበችው። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራች አስተርጓሚ እንዲህ ያለ ነገር ስትጠይቅ ምን ይሏታል? አጠፋችው። ጸሐፊው ሲቸኩል አገላብጦት ይሆናል ብላ እሷ አቃናችው፦ "በዙሪያው ያለው ውሃ ከማዕበሉ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው።" አሁን ዓረፍተ ነገሩ ልክ መጣ። ዓርብ ከቀትር በፊት ላከችው፤ ብራያንም በምስጋና ተቀበላት። ወረቀቱ ታትሞ በየሐበሻ ሱቁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በር ተቀመጠ። እሷም ረሳችው።

በግንቦት ወር አንድ እሑድ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ።

ወንድ ነው የደወለው፤ ንፋስ ድምፁን ይቆራርጠዋል። የባሕር ዳርቻ ጠባቂ መሆኑን፣ ከሃፍ ሙን ቤይ ወረድ ብሎ ባለ የባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለ፣ አጠገቡም አማርኛ ብቻ የምትናገር ሴት መኖሯን ነገራት። እታገኝ እንደ ልማዷ ቁጥሯን ተናገረች። ከዚያ የሴቲቱ ድምፅ መጣ።

"ባለቤቴ ውሃው ውስጥ ነው! በእናታችሁ አውጡልኝ፤ እጁን ሲያነሣ አይቼዋለሁ፣ አሁን ግን አይታየኝም!"

እታገኝ ይህንኑ በእንግሊዝኛ አለች፦ ባለቤቴ ውሃው ውስጥ ነው፤ እጁን ሲያነሣ አይቼዋለሁ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እንዳይንቀጠቀጥ የለመደች ናት።

ጠባቂው ጥያቄውን ቀጠለ። ስሙ ማን ነው? ባስልኤል። ዕድሜው? ሃያ ሰባት። ዋና ይችላል? ይችላል፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው ያደገው። ምን ለብሷል? ሰማያዊ ቁምጣ። ከገባ ምን ያህል ጊዜ ሆነው? ግማሽ ሰዓት። በየት በኩል ገባ?

"በዚያ" አለች ሴቲቱ፤ ስትጠቁም ይታወቃል። "ጸጥ ባለው በኩል። ማዕበሉ ከሚመታበት ሸሽተን ነው እዚያ ድረስ የሄድነው። እኔ ነኝ የመረጥኩለት። ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ምን ወረቀት?"

"በአማርኛ የተጻፈው። ከሱቅ ነው ያገኘሁት። መኪና ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። 'ኃይለኛ ማዕበል ካያችሁ አትግቡ፤ በዙሪያው ያለው ውሃ ከማዕበሉ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው' ይላል።"

እታገኝ ቃሏን አወቀችው። እናት ልጇን በድምፁ እንደምትለየው ለየችው።

"አስተርጓሚ? መስመር ላይ ነሽ?" አለ ጠባቂው።

"አለሁ" አለች። ከዚያም ያን ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ከእንግሊዝኛ አውጥታ ያበላሸችውን መልሳ በእንግሊዝኛ ስትናገረው ጥፋቱ እንደ ፀሐይ ወለል ብሎ ታያት።

ቀጥሎ ጠባቂው ዝግ ብሎ ተናገረ፤ እታገኝም ቃል በቃል፣ በ"እኔ" ሆና፣ ለሴቲቱ ነገረቻት፦ "እሜቴ፣ አደገኛው ያ ነው። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ሁሉ ተመልሶ ወደ ጥልቁ የሚሄድበት መንገድ ነው። ጸጥ ያለ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ማን ነው ጸጥ ባለው በኩል ግቡ ያለዎት?"

ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከምድር ላይ ከሁሉ ቀድማ የምታውቅ እሷ ነበረች። የሌላ ሰው ጥያቄ አድርጋ ጠየቀችው። ሴቲቱም መለሰች።

"ወረቀቱ ነዋ! ወረቀቱ ነው ያለኝ!"

እታገኝም ተረጎመች። ወረቀቱ ነው ያለኝ።

ሄሊኮፕተር እየመጣ መሆኑን ጠባቂው ተናገረ፤ አመሰገናትና ስልኩ ተዘጋ። ጥሪው በጠቅላላው አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። የድርጅቱ ስልክ የሚቀጥለውን ሰው ለማገናኘት ወዲያው ጮኸ። አላነሣችውም። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ሳታነሣ የቀረችው የመጀመሪያው ጥሪ ይህ ነው።

በማግሥቱ ዜናው ላይ አራት መስመር አገኘች። የሳን ሆዜ ነዋሪ የሆነ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ሃያ አንድ ሰዓት ከተፈለገ በኋላ ፍለጋው መቆሙን ዜናው ይናገራል። ይህን ለሚስቱ የነገራት ሌላ አስተርጓሚ መሆን አለበት።

ደላይት ሳን ሆዜ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እናቷ ደውላ ስትነግራት ሥራዋን ትታ መጣች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእናቷን እጅ ያዘች። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

"ማም፣ ኢት ወዝ ኧ ሚስቴክ" አለች።

"ስሕተት መሆኑማ መች ጠፋኝ? የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል። የአፍ ወለምታን በምን ላሽው?"

ደላይት እናቷን አቀፈቻት።

እታገኝ ማክሰኞ ዕለት ለብራያን ጻፈች። ደብዳቤዋ ተመልሶ መጣ፤ ብራያን ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። በእሱ ቦታ የተተካችው ሴት ከሳምንት በኋላ ደወለችላት። እታገኝ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን፣ ወረቀቱ ዛሬውኑ መሰብሰብ እንዳለበት፣ የተስተካከለውን በነፃ እንደምትሠራ ነገረቻት። ሴትየዋ በጨዋነት ሰማቻት። ለግምገማ እንደምታስተላልፈው፣ አዲስ ኅትመት ግን ከሚቀጥለው ጸደይ በፊት እንደማይኖር ገለጸችላት።

"እስከዚያስ ድረስ?" አለች እታገኝ።

"እስከዚያ ድረስ ከድረ ገጹ ላይ እናወርደዋለን።"

ስለዚህ ራሷ ልትሰበስበው ወጣች። ባርት በሚሉት ባቡርና በአውቶቡስ ከኦክላንድ እስከ ዩኒየን ሲቲ፣ ከዚያም እስከ ሳን ሆዜ ድረስ ሐበሻ ያለበትን ሱቅ ሁሉ አዳረሰች። ሁለት መቶ ያህል አገኘች፤ የታተመው ግን ሦስት ሺህ ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ባለ ሱቅ፣ መንገሻ የሚባል፣ ባዶውን መደርደሪያ አሳይቷት እንዲህ አላት፦ "ሰው እኮ ተሻምቶ ነው የወሰደው! እስቲ ማን ነው በዚህ አገር በአማርኛ ጽፎ የሚሰጠን? አንዳንዱማ ፍሪጁ ላይ ለጥፎታል።" ሊያስደስታት ብሎ ነበር።

እርማቱን ልትጽፍ ስትቀመጥ ቃሉ አሁንም የለም። በዚህ ጊዜ ጋሽ ኃይለ ትዝ አሏት። ጋሽ ኃይለ ምጽዋ ወደብ ላይ ያደጉ፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉ፣ ኦክላንድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ትርፍ ጊዜያቸውን ሁሉ እዚያው ፓስፊክ ዳር ድንጋይ ላይ ቆመው ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል። እንደ እሷ የቃላት ሰው ባይሆኑም የውሃ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ምጽዋ ላይ ይህን ነገር ምን ነበር የምትሉት?" አለቻቸው።

"ኧረ ልጄ፣ የኛ ባሕር እንደ ገበታ ውሃ የተኛ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው። በወሬ አይገባሽም፤ ነይ ላሳይሽ።"

በአሮጌ መኪናቸው ወሰዷት። ከገደሉ አናት ላይ ቆመው ቁልቁል እያዩ ነጩን አረፋ በጣታቸው አሳዩዋት። "ይህ የሚጮኸው ማዕበሉ ነው፤ አንከባሎ ወደ ዳር ነው የሚተፋሽ። አሁን በመሐሉ ያለውን ጥቁር መንገድ ተመልከቺ።"

አየችው። በግራና በቀኙ ነጭ ውሃ ሲፈርስ፣ እሱ ግን ከአሸዋው ተነሥቶ ወደ ጥልቁ የተዘረጋ የተጠረገ ጎዳና ይመስላል። ለስላሳ ነው፤ ያምራል። ልጅ ይዛ ብትመጣ እሷም የምትመርጠው እሱን ነበር።

"እዚያ የገባ ሰው ዳሩ ሲሸሸው ያያል" አሉ ጋሽ ኃይለ። "ይደነግጥና ፊት ለፊት ወደ ዳር ይታገላል። የሚገድለው መታገሉ ነው፤ ብርዱም ጉልበቱን ይበላዋል። ባይታገለው፣ ተንሳፎ ቢቆይ፣ ከዚያ ዳሩን ተከትሎ ወደ ጎን ቢዋኝ ይለቀዋል። ጠባብ እኮ ነው! ከመኪና መንገድ አይሰፋም።"

"ታዲያ ምን ልበለው?"

ሽማግሌው አሰቡ። "እሱ ሥራው መውሰድ ነው። ወሳጅ ውሃ በይው።"

እታገኝ እዚያው ቁጭ ብላ በእጇ ጻፈችው፦ "ወሳጅ ውሃ በዙሪያው ካለው ውሃ ይልቅ ጸጥ ብሎ ሊታይ ይችላል።" ጽፋ ስትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ኃይለ ጉዳዩን አያውቁም፤ ከንፋሱ መስሏቸው ኮታቸውን አለበሷት።

የባስልኤል አርባ፣ መንገሻ ሱቅ በር ላይ ተለጥፎ እንዳየችው፣ በሳን ሆዜ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አስከሬን አልተገኘም፤ ፍትሐቱ ያለ ሣጥን ነው የተደረገው። እታገኝ መሄድ እንደሌለባት ታውቃለች፤ የጥሪን ምሥጢር ይዞ ሰው ቤት መግባት ከሥራ ያስባርራል። ሄደች።

ሚስቱ አመለወርቅ ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁሩ ልብስ ሰፍቷታል፤ ሃያ አምስት ዓመትም የሚሞላት አትመስልም። በዲቪ ከመጡ ገና ዓመታቸው ነበር። እታገኝ ጎንበስ ብላ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለቻት። ልጅቷ ቀና አለች።

"ድምፅዎን አውቀዋለሁ" አለች።

እታገኝ ባለችበት ደነዘዘች።

"እርስዎ ነዎት። ስልኩ ላይ የነበሩት።" አመለወርቅ እጇን ይዛ ሳመችው። "እትዬ፣ ያን ቀን ሰው የሆኑኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሳላመሰግንዎት ስልኩ ተዘጋ።"

"ልጄ፣ እስቲ አንዴ ውጪ እንውጣ" አለቻት እታገኝ። ወጥተው የመኪና ማቆሚያው ዳር ያለው ዝቅተኛ አጥር ላይ ተቀመጡ። የልጅቷ አፍ ቀደመ።

"ሰው ሁሉ አምላክ ነው የወሰደው ይለኛል። የገደልኩት እኔ ነኝ። እሱ እኮ መግባትም አልፈለገ፤ ይበርዳል አለኝ። ወረቀቱን አንብቤ፣ ቦታውን መርጬ፣ 'ሂድ ግባ፣ ፎቶ ላንሣህ' አልኩት። ምናልባት አንብቤው አልገባኝ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሜ ደጋግሜ አነበዋለሁ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አልታይ አለኝ።"

"አልተሳሳትሽም" አለች እታገኝ። "በትክክል ነው ያነበብሽው። የተሳሳተው የጻፈው ሰው ነው። ወረቀቱን የተረጎምኩት እኔ ነኝ።"

አመለወርቅ ትክ ብላ አየቻት። አንድ መኪና መጣ፤ ለቀስተኞች ወርደው ገቡ። ከዚያ ልጅቷ እጇን ከእታገኝ እጅ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች።

"እንግሊዝኛው ምንድን ነው የሚለው?"

እታገኝ በቃሏ ይዛዋለች። በእንግሊዝኛ ነገረቻት።

"በአማርኛ ይበሉት።"

"ወሳጅ ውሃ፣ በዙሪያው ካለው ውሃ ይልቅ፣ ጸጥ ብሎ ሊታይ ይችላል።"

"በቃ?"

"በቃ።"

"ይችው ብቻ ናት?" አለች አመለወርቅ። "እኔ እኮ የማይገባኝ ከባድ ነገር መስሎኝ ነበር። ይችንማ ልጅም ይረዳታል።"

እታገኝ እግሯ ላይ ልትወድቅ ዝቅ ስትል ልጅቷ ትከሻዋን ይዛ አቆመቻት። በቁጣ አልነበረም፤ ጉልበትም አልነበራትም።

"ይተዉ። እስከ ዛሬ የምጠላው አንድ ሰው ነበረኝ፤ ራሴን። አሁን ሁለት አደረጉኝ። ሸክሙ ግን አልቀለለኝም። ምነው ባልነገሩኝ።" ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ "አይ፣ ደግ አደረጉ። አላውቅም። ይሂዱልኝ" አለቻት።

ሄደች። በመንገዷ ሁሉ ያሰበችው አንድ ነገር ነው፤ የተናገርኩት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ? ለእሷ ነው ብላ ልታምን ሞከረች፤ ሆዷ እምቢ አላት።

በማግሥቱ ለድርጅቷ ደውላ የጥሪ ምሥጢር ማውጣቷን ራሷ ተናገረች። በሦስተኛው ቀን ቁጥሯ ተዘጋ። አሁን ኤል ሴሪቶ ውስጥ አንዲት ብዙ የማይናገሩ አሮጊት ፈረንጅ ታስታምማለች። አመለወርቅ ዴንቨር ያለች የአክስቷ ልጅ ዘንድ መሄዷን እታገኝ ከሰው ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬዋ የለም።

ጸደይ ሲመጣ አዲሱ ወረቀት ታትሞ ወጣ። እታገኝ መንገሻ ሱቅ ድረስ ሄዳ አንዱን አነሣች። ፊት ለፊቱን አየች፤ ገለበጠች፤ እንደገና አየች። ስምንት ቋንቋ ነው ያለው። አማርኛ የለበትም። ደወለች። ያችው ጨዋ ሴት ነበረች ያነሣችው።

"የአማርኛው ላይ ስሕተት መኖሩ ሪፖርት ስለተደረገ፣ ለጥንቃቄ ሲባል ወጥቷል" አለቻት።

"ሪፖርት ያደረግኩት እኮ እኔ ነኝ! ትክክለኛውንም ልኬላችኋለሁ።"

"አዎ፣ አይቼዋለሁ፤ እናመሰግናለን። የሚያረጋግጥልን ሌላ ሰው አላገኘንም። ለከርሞ እንሞክራለን።"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ከወጣ እታገኝ አውቶቡስ ቀይራ ወደ ባሕሩ ትወርዳለች። ጋሽ ኃይለ ልባቸው ታሞ ከቤት አይወጡም። ብቻዋን አሸዋው ላይ ትመላለሳለች፤ አማርኛ ወይም ትግርኛ ጆሮዋ ከገባ ጠጋ ትላለች። በእጇ የጻፈችውን ኮፒ አድርጋ ትሰጣለች። አንዳንዱ ያመሰግናታል። አንዳንዱ ሃይማኖት የምትሰብክ መስሎት "ኦርቶዶክስ ነን እናቴ" ብሎ ይመልስላታል።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ አንድ ቤተሰብ መጣ፤ አባት፣ እናት፣ ሁለት ሴት ልጆች። አባትየው ቁምጣ ለብሶ፣ ልጆቹን በግራና በቀኝ ይዞ፣ አረፋውን ትቶ ወደ ጥቁሩ መንገድ ሲያመራ አየችው። በአሸዋው ላይ እየሮጠች ተጣራች።

"ወንድሜ! እዚያ አይደለም! ያ ወሳጅ ውሃ ነው!"

ሰውየው ዞሮ ፈገግ አለ። "አይዞዎት እማማ፣ ጸጥ ያለ ነው እኮ። እስከ ጉልበታችን ብቻ ነው።"

"ጸጥ ያለው ነው የሚገድለው! ሰው በልቷል፤ እለምንሃለሁ!"

ሚስቱ ከኋላ መጥታ እታገኝን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። የተበተነ ፀጉሯን፣ የረጠበ ጫማዋን፣ በእጇ የጨመደደችውን ወረቀት አየች። ባሏን በዓይኗ ጠቅሳ፣ ሰው እንደሚያባብል ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እሺ እማማ፣ አንገባም" አለች። ልጆቹን ይዘው ሄዱ። እታገኝ በዓይኗ ተከተለቻቸው። መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብለው፣ እሷ የማትደርስባቸው መስሏቸው፣ ሌላ ለስላሳ ቦታ መርጠው ገቡ።

ወረቀቱን ጥላ ሮጠች። አሸዋው እግሯን ይውጠዋል፤ ትንፋሽ አጠራት፤ ጮኸች፤ ንፋሱ ድምፅዋን ወደ ኋላ መለሰው። ስትደርስ በራሳቸው ጊዜ በርዷቸው ወጥተው ልጆቹን በፎጣ እየጠቀለሉ ነበር። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። እርጥቡ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ የሚመጣው አውቶቡስ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ ከኋላዋ ማቆሚያው ላይ ሌሎች መኪኖች እየገቡ ነበር።